ባለ 350 ሚሊ ሜትር የስፖርት መሪ በጅማ መንገድ፦ ለዲኤክስ ይሁን፣ ለቪትዝ ይቅር

የፋብሪካውን መሪ አውልቆ የስፖርት መሪ መግጠም የሚፈልግ የጅማ ባለመኪና ዕቃውን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ሲያስመጣ በፎቶ አይቶ እንዳይገዛ። ያልገጠመ ዕቃ ለመመለስ ወደ 350 ኪሎ ሜትር አለ። በብዛት የሚሸጠው ዲያሜትሩ 350 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በስድስት ቡሎን የሚታሰር መሪ ነው። ኤር ባግ (በግጭት ጊዜ ከመሪው የሚነፋ ትራስ) ለሌለው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ኤር ባግ ላለው ቪትዝ ግን በነጻ ቢሰጥም መግጠም የለባችሁም።

ገዢዎች ቆዳውንና ስፌቱን ያገላብጣሉ። መፈተሽ ያለበት ግን ሀቡ ነው፤ መሪውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ብረት ማለት ነው። የሀቡ የውስጥ ጥርስ ከዘንጉ ጥርስ ጋር በትክክል መግጠም አለበት፣ ስለዚህ ሲገዛ የመኪናው ሞዴልና የተሠራበት ዓመት ይነገር። በእጅ ተገፍቶ ጥርሱ ካልያዘና መዶሻ ካስፈለገው የሌላ መኪና ሀብ ነው። ሁለተኛው የቡሎኖቹ ክብ ነው። የሞሞና የስፓርኮ መሪዎች 70 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ የናርዲ 74 ነው። ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ትይዩው ቀዳዳ መሃል ለኩ። የ4 ሚሊ ሜትሩን ልዩነት ቀዳዳውን በሞረድ አስፍቶ ማስገባት መሪውን ቀስ በቀስ ያላላዋል፤ ይህን አደርጋለሁ ከሚል ባለሙያ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ስፋቱም ይታሰብበት። የፋብሪካው መሪ 380 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 350 ሲወርድ ለማዞር የሚጠይቀው ጉልበት በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የመሪ ማገዣ በሌለው መኪና ህርማታ መርካቶ አካባቢ፣ በባጃጅ መሃል መኪና ሲያቆሙ ይህ በደንብ ይሰማል። 320 የሚሆነውን ለዲኤክስ አልመክርም፤ ይከብዳል፣ ክቡም የፍጥነትና የነዳጅ መቁጠሪያውን ሊጋርድ ይችላል። መሃሉ በጣም የጎደጎደው መሪም ወደ ደረት ስለሚቀርብ ፍሬቻው ከጣት ይርቃል።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። የክላክሱ ክዳን ተነስቶ መሪውን ከዘንጉ ጋር ያሰረው ዳዶ በ19 ቁልፍ ይላላል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ጥቂት ጥርስ ይዞ ይቆይ፣ አለበለዚያ መሪው በድንገት ሲለቅ ፊት ይመታል። ከዚያ ዘንጉና መሪው ላይ ትይዩ ምልክት በቀለም ይደረግ። መሪውን የሚያወጣው መንቀያ ነው። መዶሻ ዘንጉን ይጎዳል፤ በተለይ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ የተሠራ ዘንግ ሲመታ ከልኩ ይወጣል።

ሀቡ ሲገባ ጀርባው ላይ ያሉት ጉጦች የፍሬቻው መመለሻ ፕላስቲክ ውስጥ መግባት አለባቸው። ካልገቡ ፍሬቻው ራሱን አይመልስም ወይም ፕላስቲኩ ይሰበራል። በሀቡና በመሪው ዘንግ ሽፋን መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ከተነካካ ይፋጫል። ዳዶው በመኪናው መመሪያ ልክ ይጠበቅ፤ በብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ቶዮታዎች 50 ኒውተን ሜትር ነው። ስድስቱ ትንንሽ ቡሎኖች በመስቀለኛ፣ ተራ በተራ ይጥበቁ።

ክላክሱ አልሰማ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቀለም ነው። ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ስለሚመለስ ቀለም የተቀባው መገናኛ ሲፋቅ ይስተካከላል። ሳይነካ የሚጮህ ከሆነ የክላክሱ ሽቦ ወይም መገናኛው ከሀቡ ብረት ጋር ተነካክቷል።

ወደ ቪትዝና መሰሎቹ ስንመጣ፣ አንዳንድ ጋራዥ ኤር ባጉን አንስቶ በቦታው ሬዚስተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያስርና የዳሽቦርዱን መብራት ያጠፋል። መብራቱ ጠፋ ማለት ኮምፒውተሩ የሌለውን ኤር ባግ አለ ብሎ አመነ ማለት ነው። ወደ ጊቤ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ግጭት ቢደርስ ደረት የሚያገኘው ጠንካራውን ብረት ነው። የምትወዱትን ሰው አሳፍራችሁ የምትነዱትን መኪና እንዲህ አታድርጉት።

ለነዚህ መኪኖች የሚሻለው የፋብሪካውን መሪ በቆዳ ማስለበስ ነው። ለዚህም ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ተጠብቆ፣ ኤር ባጉ ይነሳና ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። የኤር ባጉን ቢጫ ሶኬት በቴስተር አትለኩ። ቆዳ ሰፊው የኤር ባጉን ክዳን እንዳይሸፍን ንገሩት፤ የሚከፈተው እዚያ ነው። መሪው ከወጣ በኋላ ከመሪው ጀርባ ያለው፣ የኤር ባጉንና የክላክሱን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ጥቅልል ሽቦ ከተዘዋወረ በብዙ ቶዮታዎች በቀስታ ወደ ግራ እስኪቆም፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሁለት ዙር ተኩል ተዙሮ ምልክቶቹ ይገጥማሉ። ይህ ከታለፈ መሪው ሲዞር ሽቦው ይበጠሳል፣ ክላክሱም አብሮ ይሞታል።

ስለ ልባስ፦ የጅማ ዝናብና እርጥበት ላለበት መንገድ እውነተኛ ቆዳ እመርጣለሁ። ርካሹ ሰው ሠራሽ ቆዳ በላብና በፀሐይ ይላጣል፤ ጸጉራማው ሻሙዋ ደግሞ ጭቃ የነካው እጅ ሲይዘው ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲያረጅም ያንሸራትታል። አዲሱ መሪ ከተገጠመ በኋላ አንድ ጊዜ አጋሮ ደርሳችሁ ስትመለሱ ዳዶውንና ስድስቱን ቡሎኖች እንደገና ፈትሹ።