ባለ 24 ቀለሙ ሳጥን ከአሥር ወር በኋላ፦ ጉሬዛ፣ ፔሊካንና ሁለት የማይረቡ ቀለሞች

ይህንን የውሃ ቀለም ሳጥን የአጎቴ ልጅ ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ በ3,800 ብር ገዝቶ አመጣልኝ። አሁን ነሐሴ ነው። ቆርቆሮው አንድ ጥጉ ዝጓል፣ ሁለቱ ቀለሞች አልቀው እንደገና ተሞልተዋል፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ከጥር ወዲህ ብሩሽ አልነካቸውም። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ሳጥኖች አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ፣ የምናገረውም ለሁሉም ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

የምኖረው እንጅባራ ነው። እንጀራዬ ታቤላ መጻፍ ነው፤ የምግብ ቤት፣ የመድኃኒት ቤት፣ የጋራዥ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጄ ላይ የነበረው የዘይት ቀለምና አኳራጅ ነው። ምኞቴ ግን የዱር እንስሳት ሠዓሊ መሆን ነው፤ ይህን ስናገር የሚስቁ ጓደኞች አሉኝ፣ ይሳቁ። የታቤላ ሰው አንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለው፤ ጥቁር መደብ ይቀባል፣ ሲደርቅ ነጩን ፊደል ከላይ ያሳርፋል፣ ከተሳሳተ ይደርብበታል። ይህ ልማድ ነው ሳጥኑን ገና በመጀመሪያው ሳምንት በመስኮት ልወረውረው ያስደረሰኝ።

ክዳኑን ስከፍት ዓይኔ ያረፈው በነጩና በጥቁሩ ቁራሽ ላይ ነበር። ጉሬዛ ለመሣል ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የቤተ ክርስቲያን ጫካ ሄጄ ጽድ ሥር ተቀመጥኩ። ጥቁሩን ቀባሁ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ በነጩ የጀርባውን ረጅም ፀጉር አወረድኩበት። ነጩ ሥሩ ያለውን ጥቁር አርሶ አነሳውና ሁለቱ ተያይዘው አመድማ ጭቃ ሆኑ። ደግሜ ደረብኩ፤ ባሰበት። ቅርንጫፉ ላይ የተቀመጠው ፍጡር ዝናብ የመታው አህያ ይመስል ነበር።

የዘይት ቀለም አንዴ ከደረቀ ደረቀ ነው። የውሃ ቀለምን ዱቄት አያይዞ የያዘው ግን የግራር ሙጫ ነው፤ ሙጫው ደግሞ ውሃ በነካው ቁጥር እንደገና ይሟሟል። ይህንን ያስረዱኝ በዚያው ግቢ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ሥዕሌን ገረፍ አድርገው አዩና ትኩረታቸው ወደ ሳጥኑ ሆነ። አንዱን ቁራሽ በረጠበ ጣታቸው አሽተው፣ «ይህ እኮ የእኛው የቀንድ ቀለም ነው» አሉኝ። በወጣትነታቸው ብራና ይጽፉ ነበር፤ ጥቀርሻውንና አርሮ የተቆላውን እህል ፈጭተው፣ በሙጫ ለውሰው ያደርቁትና ሲጽፉ በውሃ እያራሱ በቀንድ ይይዙታል።

«እና ነጩን እንዴት ነበር የምትሠሩት አባ?» አልኳቸው።

«ምን ነጭ አለ ልጄ? ነጩ ቆዳው ነዋ!»

ሦስት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ነው ያመንኳቸው። ነጩ ቁራሽ ቀለም ብቻውን ሲቀባ የኖራ ግድግዳ ይመስላል፣ ከሌላ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሁሉንም ወተት ያደርገዋል። ጥቁሩም ከዚህ አይሻልም፤ ሲደርቅ እንደ ጎማ ጥላ ይደፈናል፣ ሕይወት የለውም። አሁን የጉሬዛን ጥቁር የምሠራው ከአልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲዬና ከሚባለው የሸክላ ቡናማ ነው። ሁለቱን ወፍራም አድርጎ ማቀላቀል ጥልቅ ጥቁር ይሰጣል። ጥላ ያረፈበት ጎን ላይ ሰማያዊው ይበዛል፣ ፀሐይ የነካው ትከሻ ላይ ቡናማው። አልትራማሪን ደቃቅ ፍሬ ፍሬ ሆኖ በወረቀቱ ጉድጓዶች ውስጥ ይቀመጣል፤ ያ ሻካራነት ሳልደክምበት ፀጉር ይሆንልኛል። ለእነዚህ ሁለት ቁራሾች ብቻ ስል ሳጥኑን አመሰግነዋለሁ።

ስለ ጉሬዛው አንድ ነገር ልጨምር፣ የሳጥኑ ጥፋት ያልሆነውን። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በፈረንጆቹ 1835 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ኮሎበስ ጉሬዛ» ነው ያለው፤ ሁለተኛው ቃል ከእኛ የተወሰደ ነው፣ የመጀመሪያው ደግሞ «ጎደሎ፣ የተቆረጠ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ እንስሳው አውራ ጣት የለውምና። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሥዕሎቼ ላይ ያሉት ጉሬዛዎች ግን ሁሉም ባለ አምስት ጣት ናቸው። ቅርንጫፍ ሲይዝ በአራቱ ጣቶቹ እንደ መንጠቆ ቆልመም አድርጎ ነው፤ ይህን ለማየት አንድ ሙሉ ጠዋት ያለ ብሩሽ መቀመጥ ነበረብኝ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ከሳጥኑ ጋር ወረቀቱ በካሬ ሜትር 200 ግራም ይመዝናል የሚል ደብተር አብሮ መጥቶ ነበር። ውሃ ሲነካው እንደ እንጀራ ጠርዝ ይነሳል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲታሽ ይላጫል። አንድ ወር ሙሉ ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ሳላክክ ቆየሁ። ከዚያ 300 ግራም የሆነ፣ መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ ወረቀት አንድ ትልቅ ሉሕ አስመጣሁ፤ 56 በ76 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስምንት ቦታ ሲቆረጥ ለአንድ እንስሳ የሚበቃ ገጽ ይወጣዋል። ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ብሩሽ ይዤ ሌላ ሰው የሣለው መሰለኝ። በበጋ አየራችን ደረቅ ነው፣ ተራው ወረቀት ላይ ሰማዩን ቀብቼ ሳልጨርስ ጠርዙ ደርቆ መስመር ይሠራል፤ ጥጡ ግን ውሃውን ያዝ አድርጎ ጊዜ ይሰጠኛል። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ርካሽ ቀለምና ደህና ወረቀት ይግዛ፣ የተገላቢጦሹን አይሞክር።

ኅዳር ላይ ሁሉንም 24 ቀለሞች በአንድ ወረቀት ላይ በረድፍ ቀብቼ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ፣ ፀሐይ በሚያገኘው የሱቄ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ታቤላ ሲነጣ ደንበኛ እንዴት እንደሚጮህ ስለማውቅ ነው። ግንቦት ላይ ካርቶኑን ገለጥኩ። አልትራማሪኑ፣ የሸክላ ቡናማውና ቢጫ ኦከሩ ከተሸፈነው ወገናቸው ጋር አይለዩም። ወይን ጠጁ ግማሽ በግማሽ ሄዷል። ያ የሚያብረቀርቅ ሮዝ ደግሞ ጨርሶ የለም፤ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈው ማብራሪያ ለሁለቱም «ብርሃን የሚቋቋም» ይላል። ሥዕል ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ይህንን ሙከራ ሳያደርግ አንድም ሥራ ከእጁ ባያወጣ ይሻላል።

ባሕር ዳር የሄድኩት መንገዱ ሲመች ነው፣ በአሥር ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ፔሊካኖቹ እንደ ጀልባ ተንሳፍፈው ይቀመጣሉ፤ ነጭ ወፍ በነጭ ወረቀት ላይ። እዚያ የምትቀባው ወፉን አይደለም፣ በዙሪያው ያለውን ውሃ ነው፤ ከሆዱ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ጥላ፣ ከምንቃሩ ሥር ለተንጠለጠለው ከረጢት ኦከር፣ በቃ። ጉማሬም ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ሁለት ጆሮ ነው፣ ሁለት ጆሮ ሣልኩ። የሳጥኑ ዝግጁ አረንጓዴ ግን ለደንገሉ አልሆነኝም፣ የፕላስቲክ ጆግ አረንጓዴ ነው። የጎጃም አረንጓዴ ቢጫ ያለበት ነው፤ ኦከርና ሰማያዊ ቀላቅዬ ነው የማገኘው።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው፣ እጀታው ውስጥ ውሃ የሚይዝ ብሩሽ ያታለለኝ በዚያ ጉዞ ነው። ባሕር ዳር ላይ በግማሽ ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እንጅባራ ስደርስ ከሥዕሎቹ ሁለቱ ረጥበው ፔሊካኑ ከሐይቁ ጋር ተቀላቅሏል። ክዳኑን ስወቅስ ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ። ሽቅብ ሲወጣ እጀታው ውስጥ የታሸገው አየር ይለጠጥና ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። አሁን ዳገት ከመውጣቴ በፊት ባዶውን አደርገዋለሁ። ለሜዳ ሥራ ግን ምቹ ነው፣ አልጥለውም።

ክረምቱ ሌላ ፈተና አመጣ። ሐምሌ ውስጥ ሳጥኑን እርጥብ እንደሆነ ዘግቼ አራት ቀን ረሳሁት፤ ስከፍተው በኦከሩ ላይ የጥጥ ፍንጣቂ የመሰለ ሻጋታ በቅሏል። ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ምድጃ አጠገብ አደረቅኩት፣ ቀለሙ አልተበላሸም። ዝገቱ ግን ከዚያ ወዲህ ነው። የክዳኑ ነጭ ቅብ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል፣ ውሃ የገባው በዚያ ነው፤ በታቤላ ቀለም ደፈንኩት።

የሚያናድደው ሌላ ነው። አልትራማሪኑና ቡናማው በሰባተኛው ወር አለቁ፣ አምራቹ ግን ቁራሹን ለብቻው አይሸጥም፤ ሌላ ሙሉ ሳጥን ግዛ ነው ነገሩ። በቱቦ የሚሸጥ የሌላ አምራች ቀለም አስመጥቼ ባዶዎቹን ሞላሁ፣ ሦስት ቀን ሳይነኩ ሲቀመጡ ደርቀው ልክ ሆኑ። የቀለሞቹ የጋራ መለያ ቁጥር ተመሳሳይ ከሆነ ማንም ይሥራው ማን መሠረቱ ያው ዱቄት ነው፤ አልትራማሪን «ፒቢ 29» ነው፣ እሱን ቱቦው ላይ ፈልጉ። ከ24ቱ አዘውትሬ የምጠቀመው ሰባቱን ነው። ዛሬ ብገዛ ሰባት ትንንሽ ቱቦ ገዝቼ በትርፉ ወረቀት አስጨምር ነበር። ገና ምን እንደሚወድ ያልለየ ጀማሪ ግን ይህን ሳጥን ቢገዛ አልከለክለውም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንዲት ጉሬዛ ግልገሏን አቅፋ አገኘኋት። ጉሬዛ ሲወለድ ሁለመናው ነጭ ነው፣ እየቆየ ነው የሚጠቁረው። እናቱን ቀባሁ፣ ክንዷን ቀባሁ፣ ደረቷ ላይ ያለውን ቦታ ሳልነካው ተውኩት፤ ሁለት የዓይን ነጥብና ከአገጩ ሥር ቀጭን ጥላ ብቻ። ሱቅ ውስጥ ሰቅየዋለሁ። አንድ ታቤላ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ቆሞ ሲያየው ቆየና ዋጋውን ጠየቀኝ፤ ቀጥሎም መቼ እንደምጨርሰው።

ሮዙንና ወይን ጠጁን ከሳጥኑ ነቅዬ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ባለ አምስት ጣት ሮዝ ጉሬዛ ሠርታ ግድግዳዬ ላይ ለጥፋለች።