ለሱሉልታው መካኒካችን ምስጋና፣ ማደሪያ የሚሆን ያገለገለ መኪና ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሱሉልታ ላይ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አባት በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አልጽፈውም፤ ሰፈሩ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበል።

እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ መሄድ አቅቷት ነበር። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ እዚያ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው፣ ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ መተኛት ደግሞ አትችልም። አልጋና ማብሰያው ከፋብሪካ ተሟልቶ የሚመጣ መኪናማ በእኛ አቅም የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ያገለገለ ሃያስ ሚኒባስ መፈለግ ጀመርን።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ዓይን የሚስብ ነበር። ውስጡ በኮምፔንሳቶ ተለብጦ አልጋ ተሠርቶለታል፣ መጋረጃ አለው፣ ቀለሙም አዲስ ነው። ጋሼ አልጋውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡና ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናው የቆመበትን የብረት አጽም፣ በመፍቻ እያንኳኩ ይሰሙ ጀመር። የኋላው ባሌስትራ (ክብደት የሚሸከመው የብረት ሞላ) የሚታሰርበት ጋ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ። በመፍቻው ሲፍቁት ስቱኮው ተቀርፎ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ዝገት ብቻ ነው። «ልጄ፣ አልጋውን አናጢ ይሠራልሻል። ይሄን ማን ይሠራልሻል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያየናቸውንም የመረመሩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ሻንሲ፣ ሞተር፣ ጣሪያ። ሞተሩ ሳይነሳ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታሉ። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ዘይትና ውኃ እንዳይቀላቀሉ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን ይጠረጥራሉ። ሲነሳ ጭሱን ያያሉ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካላቋረጠ ውኃ እየገባ ነው። ቀጥሎ ሰው ጭነው ወደ እንጦጦ አቀበቱን ያስወጡታል። በእኛ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ አየር ስለሚያጥረው ትንሽ ጥቁር ጭስ አያስደነግጣቸውም። ዓይናቸው የሙቀት መለኪያው ላይ ነው። ጣሪያውን ደግሞ ውኃ እያስለቀቁ ውስጥ ገብተው የመስኮቱን ጎማ ጥግ ለጥግ በእጃቸው ይዳስሳሉ።

የገዛነው ቀለሙ የደበዘዘ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ 5ኤል የሚባለው ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው ነው። በተረፈው ገንዘብ መጀመሪያ ያስለወጡን ቺንጋውን፣ ቫልቭና ፒስቶን ተናበው እንዲሠሩ የሚያደርገውን የሞተር ቀበቶ ነው። ባለቤቱ ተለውጧል ቢልም፣ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚለወጥ ነገር ስለሆነና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ስለሚጋጩ በቃል አላመኑም። የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ካለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አነበቡት፤ 3215 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በ32ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ ነበር፣ ግን አስጣሉን። ለማብሰያው ሲሊንደርም ወለሉ ላይ ቀዳዳ አስከፈቱ፤ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ የሚጠራቀመው ታች ነው።

ከሻጭም ከደላላም አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። ሂሳባቸውን ከገዢ ብቻ ነው የሚወስዱት፣ አትግዙ ላሉንም ግዙ ላሉንም ያው አንድ ዋጋ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

እናቴ ዘንድሮ ቁልቢ ደርሳ፣ በአልጋዋ አድራ ተመለሰች። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን በግል ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ሊብሬውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራሳቸው ያመሳክራሉ፤ ዕዳና እገዳውን ግን እናንተው አጣሩ። መኪናው ማታውኑ ጋራዣቸው ገብቶ ቢያድር ይሻላል፣ የሞቀ ሞተር አይመረምሩም።