ለእንግሊዝኛ ቲቸራችን ምስጋና፣ የተቃራኒ ቃላት ፈተና ላለባችሁም ጥቆማ

እኚህ የማጠናከሪያ አስተማሪ ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም። ስለዚህ ስማቸውን ትተን አሠራራቸውን እናመስግን። የተማሩባቸው ማንን እንደምል ያውቃሉ።

ሌላ ቦታ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ በግራ ቃል፣ በቀኝ ተቃራኒው የተደረደረበት ወፍራም ሃንድአውት፣ «እስከ ሰኞ ሸምድዱ» የሚል ትእዛዝ፣ ከዚያ ቁጣ። ሃንድአውቱ ላይ «ላይት» ፊት ለፊት «ሄቪ» ተጽፏል። ፈተናው ላይ ግን ስለ ቀለም ተጠይቆ መልሱ «ዳርክ» ይሆናል። «ሃርድ» ለፍራሽ ሲሆን ተቃራኒው «ሶፍት»፣ ለጥያቄ ሲሆን «ኢዚ» ነው። «ደል» ደግሞ ለቢላ «ሻርፕ»፣ ለቀለም «ብራይት»፣ ለንግግር «ኢንተረስቲንግ» ይፈልጋል። ይህን ሳይነግሩ አስሸምድደው፣ ልጁ ሲወድቅ «ቮካብ የለህም» ይሉታል። ወይ ግፍ!

እንዲህ ተብላ ወደ ቲቸር የመጣች ልጅ ነበረች። የልምምድ ፈተናዋን ሲመልሱላት ውጤት አልጻፉበትም። ከእያንዳንዱ ስህተት አጠገብ አንድ ፊደል ብቻ፦ ቃሉን ካላወቀችው «አ»፣ ተመሳሳዩን ከመረጠች «ተ»፣ ሌላ ትርጉሙን ከወሰደች «ሌ»፣ የቃሉን ክፍል (ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል) ወይም ጥንካሬውን ከሳተች «ደ»። ወረቀቱ በ«ተ» ተሞልቶ ነበር። ቃላቱንማ ታውቃቸዋለች! የ«ስካርስ» (እጥረት ያለበት) ተቃራኒ ተጠይቃ፣ «አባንዳንት» (የተትረፈረፈ) እዚያው እያለ፣ ተመሳሳዩን «ሬር»ን (ብርቅ) አይታ ነው የምትቸኩለው። ፈተና አውጪ ተመሳሳዩን ቃል ምርጫ ውስጥ ማስገባት ይወዳል፤ የሚጠመደውም በትክክል ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ነው። ለዚያች ልጅ ያቺ ወረቀት ምን እንደነበረች እናንተው ገምቱ።

መድኃኒቱን ደጋግመው ያሠሩታል። መጀመሪያ መመሪያው ላይ «ኦፖዚት» (ተቃራኒ) የሚለው ይሰመርበታል። ቀጥሎ ምርጫዎቹ በእጅ ይሸፈኑና ተማሪው የራሱን ተቃራኒ ይናገራል። ከዚያ ገልጦ ተመሳሳዩን ይሰርዛል፤ ቅጽል ከተጠየቀ ቅጽል ያልሆነውንም ያወጣል። መጨረሻ ላይ ጥንካሬ ይመዘናል፤ ለ«ፍሪዚንግ» (እጅግ ቀዝቃዛ) «ዋርም» (ሞቅ ያለ) እና «ቦይሊንግ» (እጅግ ሞቃት) ቢቀርቡ መልሱ «ቦይሊንግ» ነው።

ቅድመ ቅጥያ ላይማ ተወዳዳሪ የላቸውም። «ኢን» ከፒ፣ ከቢና ከኤም በፊት «ኢም»፣ ከኤል በፊት «ኢል»፣ ከአር በፊት «ኢር» ይሆናል፦ ኢምፖሲብል፣ ኢሊጋል፣ ኢሬጉላር። ይህን ብዙዎች ያስተምራሉ። ወጥመዱን የሚያሳዩት ግን ጥቂቶች ናቸው። «ኢንቫሉዌብል» የ«ቫሉዌብል» ተቃራኒ አይደለም፣ እንዲያውም እጅግ ጠቃሚ ማለት ነው። «ፕራይስለስ»ም ዋጋ ቢስ አይደለም። የሁለቱም ተቃራኒ «ወርዝለስ» ነው። «ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል» ሁለቱም ተቀጣጣይ ናቸው።

ደግሞ ሁለቱም አዲስ የሆኑ ተቃራኒዎችን በአንድ ቀን አያስጠኑም። «ቤኔቮለንት» እና «ማሌቮለንት» አብረው ከገቡ የትኛው ደግ፣ የትኛው ክፉ እንደሆነ ይምታታል፤ አንዱ ሲደላደል ነው ሌላው የሚመጣው። በቀን ቢበዛ 10 ቃል፣ ካርዱ ፊት ላይ ቃሉ ከአጭር ዓረፍተ ነገር ጋር፣ ጀርባው ላይ ተቃራኒው። ክለሳው በማግስቱ፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ነው።

ሐቀኝነታቸውስ! ለጂአርኢ፣ ለአሜሪካው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ የሚዘጋጅ ሰው ተቃራኒ አስተምሩኝ ብሎ ሲመጣ፣ ራሱን የቻለው የተቃራኒ ጥያቄ ከዚያ ፈተና በ2011 እ.ኤ.አ. እንደወጣ ይነግሩታል። ከኤስኤቲ፣ ከአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ የቀረው ከዚያም በፊት፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በድሮ መጽሐፍ ሰው የሚያለፉ እንዳሉ ላየ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወላጆች፣ እሳቸውን ማግኘት ከቻላችሁ አታመንቱ፣ ልጆቻችሁን ላኩ። ካልቻላችሁ ደግሞ የልጃችሁን ያለፈ ፈተና አውጡና ከየስህተቱ አጠገብ ፊደሏን ጻፉ፤ ከመቆጣታችሁ በፊት። ቲቸር፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።