«ሎድ»፦ ሜታሊካ ሲለዝብ

የአሜሪካው ሄቪ ሜታል ባንድ ሜታሊካ በ1996 እ.ኤ.አ. «ሎድ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ብዙው ወሬ ስለ አጠረው የአባላቱ ፀጉርና ስለተለወጠው አርማ ነበር። ዋናው ለውጥ ግን ጊታሩ ላይ ነው። ቀድሞ ሪትም ጊታሩን፣ ማለትም ከዘፈኑ ሥር ምቱን የሚይዘውን ጊታር፣ ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚቀዳው ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ ነበር፤ እዚህ ሶሎ ተጫዋቹ ኪርክ ሃሜትም ገባበት። የሁለቱ የጊታር አመታት ስለሚለያይ ድምፁ እንደ ድሮው ድፍን አይደለም፤ ላላ ብሎ ወደ ብሉዝ ያደላል። ጊታሮቹ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው መቃኘታቸውም ለሄትፊልድ ጉሮሮ ተስማምቶታል። «ማማ ሴድ» ደግሞ ለይቶለት ካንትሪ ነው፣ ያምራልም።

የሚጎዳው ርዝመቱ ነው፦ 14 ዘፈን፣ 79 ደቂቃ ገደማ። ሲዲው ጢም ብሎ ስለሞላ የመዝጊያው «ዘ አውትሎው ቶርን» ጭራው ተቆርጧል፤ ደካሞቹን ሦስት አራት ዘፈኖች መተው ይሻል ነበር። ለጀማሪ «ብሊዲንግ ሚ»ን አስቀድሙ፤ ከስምንት ደቂቃ በላይ ቢሆንም አንዱም አይባክንም።