ከሃኖይ እስከ ሆ ቺ ሚን ከተማ በሞተር፦ በባሕሩ ዳርቻ ወይስ በተራራው?

ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 1 የቬትናምን ባሕር ዳርቻ ተከትሎ በቪን፣ በሁዌና በዳናንግ በኩል 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ማደያም ጎማ ለጣፊም በየመንደሩ አለ። የሚያስፈራው ከባድ መኪናው ነው፦ ለመቅደም ሲወጣ ሞተር መጣ ብሎ አይመለስም፤ ጠርዝ የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ፈጣን መንገዱም፣ በሁዌና በዳናንግ መካከል ያለው የሃይ ቫን ዋሻም ለሞተር ክልክል ናቸው፤ ዋሻው መከልከሉ ግን በጀ፣ ከባሕሩ በላይ የሚጠማዘዘው የሃይ ቫን አቀበት የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው።

በተራራው የሚያልፈው የሆ ቺ ሚን መንገድ ጭር ያለ ነው። ፈተናው ከፎንግ ንያ እስከ ኬ ሳን ያለው ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ነው፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ማደያ የለውም ማለት ይቻላል። የትንሿ ሞተር የሆንዳ ዌቭ ታንከር 4 ሊትር አይሞላም። ሻንጣ ጭና ዳገት ስትወጣ ለ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ብትጠጣ፣ ሳይደርሱ ትቆማለች። ስለዚህ 2 ሊትር ቤንዚን በጀሪካን፣ አንድ ካላማዳሪ፣ አንድ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ ይያዙ። ቁልቁለቱን በ2ኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ከያዙ ሸራው ይግላል፣ መያዝም ያቆማል። ጥላ ያልለቀቀው እርጥብ ኮንክሪት ላይ የፊት ፍሬን አይንኩ።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መካከለኛው ቬትናም ይዘንባል፤ ተራራው ይናዳል፣ ያኔ ባሕር ዳርቻው ይሻላል። በደረቁ ወራት ግን እስከ ኬ ሳን በተራራው፣ ከዚያ ወደ ሁዌ ወርዶ በሃይ ቫን መቀጠል ነው። በየትኛውም ቢሄዱ ዘይቱን በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ፤ ካቴናውን በየማታው ይዩት።