16 ኮር፣ ለእያንዳንዱ 32 ኪሎባይት፦ ከፓራሌላ ቦርድ ጋር ዘጠኝ ወር

ከአንድ የብራና ገጽ ላይ «ማርያም» የሚለው ስም «ማም» ሆኖ ወጣ። መካከሉ ላይ የነበረው «ርያ» ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ፓራሌላ የተባለውን ይህን ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ለመሸጥ ማስታወቂያ የጻፍኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው። ዛሬ ግን ገዢ ቢመጣ አልሰጠውም። ታሪኩን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፣ ብዙ ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ያላቸውንና ትንሽ ኃይል የሚፈጁትን ቺፖች ለመግዛት የሚያስብ ሰው እኔ ያባከንኳቸውን ሁለት ወራት እንዳያባክን ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በካሜራ አነሳለሁ። ፎቶውን አጽድቼ በወረቀት አትሜ ለመሪጌታው እወስድላቸዋለሁ፤ ተማሪዎቻቸው ዋናውን ብራና ሳይነካኩ ከወረቀቱ ያጠናሉ። ብራናው በጧፍ ጭስ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩን ውሃ ገብቶበታል፣ አንዳንዱ ቅጠል ላይ ሰም ተንጠባጥቦበታል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሩ ለገጹ ሁሉ አንድ መለኪያ ከተጠቀማችሁ ወይ ጭስ የነካው ጥግ በሙሉ ጥቁር ይሆናል፣ ወይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። በቀይ የሚጻፈው ደግሞ የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። ከገጹ ላይ ሊጠፋ የማይገባው እሱ ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱን የፎቶ ነጥብ (ፒክሰል) ከአካባቢው ጋር ማወዳደር ነው። ሳውቮላና ፒየቲካይነን የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ እስካሁን ይሠራል፦ በነጥቡ ዙሪያ ያለውን መስኮት አማካይና የልዩነት መጠን አስልቶ ጥቁር ይሁን ነጭ ይወስናል። እኔ የምጠቀመው 31 በ31 የሆነ መስኮት ነው፤ ለአንድ ነጥብ 961 ጎረቤት ማለት ነው። ፎቶዬ 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው። ይህን ሁሉ እዚያው ቤተ ክርስቲያኒቱ ግቢ ውስጥ ማስላት እፈልጋለሁ፤ አዲስ አበባ ተመልሼ አንድ ፊደል እንደጠፋ ባውቅ ለአንድ ቅጠል ብዬ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ መመለስ አለብኝ። መብራት ደግሞ እዚያ የለም። የላፕቶፔ ባትሪ ከሰዓት በኋላን አይደርስም።

ሻጩ ያገኘኝ በዚህ ጭንቀት ላይ ነው። ያገለገለ ፓራሌላ ነበረው። «16 ኮር ነው፣ እያንዳንዱ 600 ሜጋኸርዝ። አባዛው፦ 9600! ላፕቶፕህ የት ይደርስበታል?» አለኝ። ቦርዱን በስም አውቀው ነበር። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ አዳፕቴቫ የተባለ ድርጅት፣ መሥራቹ አንድሪያስ ኦሎፍሰን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ኪክስታርተር ላይ፣ «ሱፐርኮምፒውተር ለሁሉም» ብሎ ገንዘብ ያሰባሰበበት ነው፤ ዋጋው 99 ዶላር ነበር። ስፋቱ የመታወቂያ ካርድ ያህላል። በስልክ ውስጥ እንደሚገኘው ያለ ሁለት የአርም ኮር ያለው ዚንክ የተባለ ቺፕ ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ያስኬዳል፣ 1 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፣ ከጎኑ ኤፒፋኒ የተባለው ባለ 16 ኮር ቺፕ ተቀምጧል። ጠቅላላ ቦርዱ 5 ዋት ገደማ ይወስዳል። ገዛሁት።

ወንድሜ፣ ማባዛቱ ስህተት ነው። ይህን ፊት ለፊት ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር። 16 ኮር የ16 እጥፍ ፍጥነት የሚሆነው ሥራው ለ16 ሲከፈል፣ ተከፋዩም ለእያንዳንዱ ኮር በጊዜው ሲደርሰው ብቻ ነው። ደቦ ላይ 16 አጫጅ ብታሰልፍ፣ ወደ አውድማው የሚያስገባው በር አንድና ጠባብ ከሆነ፣ ነዶው በሩ ላይ ይከመራል እንጂ አይወቃም። የኤፒፋኒ በር ጠባብ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራሜ እያንዳንዱ ኮር የሚፈልገውን ነጥብ በቀጥታ ከውጭው ሚሞሪ እንዲያነብ ያደርግ ነበር። 16ቱ ኮሮች ተሰልፈው ከአንዱ አርም ኮር ይልቅ ዘገዩ። ለእያንዳንዷ ንባብ ጥያቄው ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ ኮሩ ቆሞ ይጠብቃል። መጻፍ ግን እንዲያ አይደለም፤ ጽፎ ይልካል፣ ሳይጠብቅ ይቀጥላል። ስለዚህ በዚህ ቺፕ ላይ የጎረቤትህን ዕቃ ሄደህ አታነብም፣ ጎረቤትህ ራሱ መጥቶ እቤትህ ያስቀምጥልሃል። ይህን ሻጩ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ወር ይተርፈኝ ነበር።

እውነተኛው ቁጥር 16 አይደለም፣ 600ም አይደለም። 32 ነው። እያንዳንዱ ኮር የራሱ የሆነ 32 ኪሎባይት ሚሞሪ አለው፤ ኮዱም፣ ስታኩም (ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ቁጥሮቹን የሚይዝበት ቦታ)፣ ዳታውም እዚያው ይገባል። የተነበበውን በራሱ አቅርቦ የሚይዝ ካሽ የሚባለው ፈጣን ሚሞሪ በመካከል የለም። የ16ቱ ሲደመር 512 ኪሎባይት፣ የእኔ አንድ ፎቶ በግራጫ 12 ሜጋባይት። ከሃያ ሦስት እጅ አንዱ ብቻ ይገባል ማለት ነው። ጽሑፍ የሚያወጣውን ፕሪንትኤፍ የተባለ ትእዛዝ ወደ ኮዱ ማስገባት ራሱ ቅንጦት ነው፤ የኮዱን ስህተት የማድነው ኮሩ አንድ ቁጥር የጋራ ቦታ ላይ እንዲጽፍና አርሙ እንዲያነብልኝ በማድረግ ነው። የማካፈያ ሰርኪት የለውም፣ የካሬ ሥርም እንዲሁ። አስርዮሽ ቁጥር የሚያሰላው በ32 ቢት ብቻ ነው፤ በ64 ቢት የተጻፈ ኮድ አምጥታችሁ ከጫናችሁበት ሁሉም በሶፍትዌር እየተተካ ይጎተታል።

እንግዲህ ገጹን ቆራረጥኩት። ቦታ ለመቆጠብ ስል ቁራጮቹን ያለ ድንበር ቆረጥኳቸው። ፍጥነቱ ወዲያው መጣ፣ ደስ አለኝ። «ማም» የወጣው ያኔ ነው። ስሙ የወደቀው ሁለት ቁራጮች በሚጋጠሙበት፣ ጭስ በነካው ቦታ ላይ ነበር፤ ጠርዝ ላይ ያለው ነጥብ የጎረቤቱን ግማሽ ብቻ ያያል፣ በግማሽ መረጃም ይፈርዳል። ፈረደና «ርያ»ን አጠፋው። ከስሙ ሌላ ገጹ ሁሉ ንጹሕ ስለነበር ባላስተውለው ኖሮ አትሜ እሰጥ ነበር። ለሕፃን ተማሪ እንዲህ ያለ ወረቀት መስጠትን ሳስብ ቦርዱን ማየት አስጠላኝ።

ማስታወቂያውን ሳልለጥፍ አደርኩ። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ነበርና በጧት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። የኮሩ 32 ኪሎባይት በአራት ክፍል የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ 8,192 ባይት። መስኮቴ 31 ከሆነ በየጎኑ 15 ነጥብ ድንበር ያስፈልገኛል። 60 በ60 የሆነ ቁራጭ ከነድንበሩ 90 በ90 ይሆናል፦ 8,100 ባይት። አንድ ክፍል ውስጥ ልክ ገባ፣ 92 ባይት ተረፈ። ይህን ሳገኝ ብቻዬን ጮኽኩ፣ እናቴ ምን ሆንክ ብላ መጣች። አንዱን ክፍል ለኮድ፣ ሁለቱን ለሚመጡ ቁራጮች፣ አራተኛውን ለውጤቱና ለስታኩ ሰጠሁ። ኮሩ አንዱን ቁራጭ ሲያሰላ ዲኤምኤ የተባለው የራሱ ዳታ አመላላሽ ቀጣዩን ወደ ሌላው ክፍል ያመጣለታል። የልዩነት መጠኑ የሚጠይቀውን የካሬ ሥርም አስወገድኩት፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች አለመሆኑን አይቶ ሁለቱንም ወገን በራሱ አባዝቶ ማወዳደር ያው ፍርድ ይሰጣል። ማካፈሉም ቀረ።

የምከፍለው ዋጋ አለ። 3,600 ነጥብ ለማውጣት 8,100 አነባለሁ፣ ሁለት እጥፍ ከሩብ። የ32 ኪሎባይት ግብር ይህ ነው፣ ማምለጫ የለውም። ገጹ 3,350 ቁራጭ ይወጣዋል፤ ለአንድ ኮር 210 ገደማ ይደርሰዋል። ግን ጠበበ ብዬ ያማረርኩበት ቁራጭ አንድ ያልጠበቅኩትን ነገር ሰጠኝ። በሙሉ ገጽ ላይ ድምር እየተከማቸ ሲሄድ የነጥቦቹ ዋጋ ካሬዎች ድምር በ32 ቢት አይያዝም፣ ሞልቶ ይፈስሳል፤ በ90 በ90 ውስጥ ግን በሰፊው ይበቃል። ላፕቶፑ ላይ ለዓመታት 64 ቢት የምጠቀመው በዚህ ምክንያት ነበር፣ ለካ አያስፈልግም ኖሯል።

«ማርያም» ሙሉ ሆና ወጣች። ከዚያ በኋላ ከፎቶው አረንጓዴውን ቻናል ብቻ መውሰድ ጀመርኩ፤ ቀይ ቀለም እዚያ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ይህ ከቺፑ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ብራና የምታነሱ ካላችሁ ግን ይጠቅማችኋል።

አሁን በ12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው የምጓዘው። በስሌት 84 ዋት-ሰዓት ነው፣ ባትሪውን እንዳልጎዳ ግማሹን ብቻ እጠቀማለሁ፤ ማራገቢያውና የቮልት መቀየሪያው የሚበሉት ተቀንሶም ቀኑን ያውለኛል። ማራገቢያውን አትርሱ። ሙቀት መበተኛው የሚቀመጠው በዚንኩ ላይ ነው፣ አየር ካላገኘ ይግላል። ባለፈው ወር ዋርካ ሥር ተቀምጠን አንድ ቅጠል አጸዳን፤ ላፕቶፑን የከፈትኩት ውጤቱን ለማየት ብቻ ነው። መሪጌታው ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ «ይቺ ላይ የብራናው እጥፋት ፊደል መስላ ወጥታለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ብራናው ተጨማዶ ጥላ ጥሎ ነበር። መጽሐፉ ወደ ማኅደሩ ሳይመለስ ደግመን አነሳነው።

ሌላው አጠቃቀሙ ተራ ነው፤ ሊኑክሱ ይነሳል፣ በኔትወርክ ገመድ እገባለሁ፣ ያልቃል። ዋይፋይ የለውም። ዳታቤዝ፣ ድረ ገጽ፣ ቪዲዮ ወይም ትልቅ የቋንቋ ሞዴል ለማስኬድ የሚፈልግ ሰው ይህን ዓይነት ቺፕ አይግዛ። ሥራው በትንንሹ የሚቆረጥ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ብዙ ስሌት ያለበት ከሆነ ግን፣ እንደ ፎቶ ማጣራት፣ የድምፅ ትንተና ወይም የማትሪክስ ብዜት፣ ይሆናል። አራት ኮር ያለው ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይህንኑ ሥራዬን በቀላል ኮድ ይሠራዋል የሚለኝ ሰው አለ፣ ትክክልም ነው፣ ዛሬ ብጀምር ምናልባት እሱን እገዛ ነበር። ነገር ግን በ92 ባይት ትርፍ ገጹን ያስገባሁበትን ቦርድ በሌላ አልለውጥም።

ቺፑ አሁን አይመረትም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተነገረለት ባለ 1024 ኮሩ ታላቅ ወንድሙም ገበያ ላይ አልዋለም። የእኔ ቢቃጠል የሚተካው የለም፣ ገና ያልተነኩ ሁለት መጻሕፍትም አሉ። ያን ጊዜ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የረሳው ሰው ካለ፣ ቢሠራም ባይነሳም፣ እገዛዋለሁ።