ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ከኡቡንቱ ጋር፦ የሙቀቱ ጉዳይ

ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ ያቀረበው ቲንክፓድ ቲ480 ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግሎ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ በሚገባው ዕቃ መካከል ነው። ሊኑክስ የተባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሥርዓት የሚጠቀም ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱን ምረጥልኝ ቢለኝ አሁንም የምጠቁመው እሱኑ ነው፤ የቁልፍ ሰሌዳው ምቹ ነው፣ የውስጥ ዕቃው በቀላሉ ይፈታል፣ ዋይፋዩም ድምፁም ተጨማሪ ድራይቨር ሳይፈለግለት ይሠራል። በእነዚህ ላይ ብዙ ስለተባለ አልመለስባቸውም። የማተኩረው ገዢዎች ደጋግመው በሚያነሱት አንድ ቅሬታ ላይ ነው፤ ይኸውም ላፕቶፑ ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ከዚያም ሥራው ይንቀራፈፋል የሚለው ነው። ቅሬታው እውነትነት አለው፤ ይሁንና እንደ አንድ ችግር ከሚነገረው ነገር ጀርባ ከአንድ በላይ ምክንያት አለ፤ አንዱማ ጭራሽ የሙቀት ችግር አይደለም።

እኔ የምጠቀምበት ኮር አይ5-8350ዩ የተባለ ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ራም ያለው፣ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ የሌለበት ሲሆን የተጫነበት ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ 24.04 ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ አራት ኮር ነው፤ ኢንቴል የመደበለት የኃይል መጠን 15 ዋት ቢሆንም ቱርቦ በሚባለው ፍጥነት ሲሮጥ ለአጭር ጊዜ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይስባል። ያንን ሁሉ ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣው አንድ ቀጭን የመዳብ ቱቦና አንድ ፋን ነው። ስለዚህ ከባድ ሥራ ሲጀመር ሙቀቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከ50 ወደ 90 ዲግሪ ቢዘል የሚያስደነግጥ አይደለም። ለፕሮሰሰሩ የተፈቀደው ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እዚያ ሲቃረብም ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ሊያሳስብ የሚገባው ምንም ሳይሠራበት ከ60 ዲግሪ በላይ የሚቆይ ወይም ሥራው ካበቃ በኋላ ለመብረድ ረጅም ደቂቃዎች የሚፈጅበት ላፕቶፕ ነው።

ይህን ለመለየት መዳፍን ክዳኑ ላይ ማድረግ አይበቃም። ኤልኤም-ሴንሰርስ የተባለውን ጥቅል ጭኖ በተርሚናል «ሴንሰርስ» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት የእያንዳንዱን ኮር ሙቀትና ፋኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያሳያል። ከእሱ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ኤስ-ቱዊ ነው፤ ሙቀትን፣ የኮሮቹን ፍጥነትና ፕሮሰሰሩ የሚስበውን ዋት በአንድ ገጽ ላይ በግራፍ ያስቀምጣል። ሦስቱን ጎን ለጎን አይቶ ማንበብ የምርመራው ዋና ክፍል ነው። ሙቀቱ ገና 80 አካባቢ ሳለ ፍጥነቱ የሚወድቅ ከሆነ ነገሩ የፈርምዌር፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ውስጥ የተቀመጠው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ገደብ ነው። ሙቀቱ 95 አልፎ የሚሳበው ዋት ግን ትንሽ ከሆነ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ አይደለም። ተጠቃሚው ምንም ሳያዝ ዋቱም ሙቀቱም አብረው ከፍ ካሉ ደግሞ ከበስተጀርባ የሚሮጥ ፕሮግራም አለ ማለት ነው፤ ኡቡንቱ አዲስ በተጫነ ሰሞን ፋይሎችን የሚመዘግበው ትራከር የተባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፣ ጨርሶም ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ሁኔታ ብዙ ሰው የሚያሳስት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ቲ480ን ጨምሮ በዚያ ዘመን የወጡ በርካታ ቲንክፓዶች በሊኑክስ ሲሠሩ ሙቀታቸው 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነታቸው እንደሚገደብ፣ በዊንዶውስ ግን ይኸው ገደብ 97 ዲግሪ ድረስ ከፍ እንደሚል የታወቀ ነገር ነው። ገደቡን የሚያስቀምጠው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሹ ተቆጣጣሪ ነው፤ በሊኑክስ በኩል ከፍ አድርግ ብሎ የሚያዘው ስለሌለ ዝቅተኛው ላይ ይቆማል። ሌኖቮ ቆየት ብሎ ለተወሰኑ ሞዴሎች የፈርምዌር ማስተካከያ አውጥቷል፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ባዮሱን (ኮምፒዩተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣውን ፈርምዌር) ማሻሻል ተገቢ ነው። ይህም ዊንዶውስ ሳያስፈልግ በኡቡንቱ ውስጥ ባለው የፈርምዌር ማሻሻያ ይከናወናል። የዚህ ሞዴል ሁለት ባትሪ እዚህ ላይ ይመሰገናል፤ ማሻሻያው እየተካሄደ መብራት ቢጠፋ የሚበላሽ ነገር አይኖርም።

ከዚያ በኋላም ገደቡ ካለ ስሮትልድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ቻርጀር ሲሰካ ገደቡን ወደ 95፣ በባትሪ ሲሆን ወደ 85 ዲግሪ ከፍ አድርጎ፣ ተቆጣጣሪው መልሶ እንዳያወርደው በየጥቂት ሰከንዱ ደጋግሞ ይጽፈዋል። እንዲሠራ ግን በባዮስ ውስጥ ያለው ሴኪዩር ቡት የተባለው የደኅንነት ቅንብር መጥፋት አለበት፤ አለዚያ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ወደ ፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ መዝገቦች መጻፍን ይከለክላል። ፕሮግራሙ የሚለውን ያደርጋል፣ ልዩነቱም የትልልቅ ፕሮግራሞች ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም ሲቀየር) በግልጽ ይታያል። እኔ የምነቅፈው ብዙዎች እንደ መጀመሪያ መድኃኒት መያዛቸውን ነው። አቧራ በዘጋው ማቀዝቀዣ ላይ ገደቡን ማንሳት ሙቀት መጨመር ብቻ ነው። በዚሁ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግም ይቻል ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ፕለንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ በኋላ በወጡ የባዮስ ማሻሻያዎች ይህ መንገድ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ስለተዘጋ ተስፋ ባይጣልበት ይሻላል።

ለዕለት ተጠቃሚ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የቪዲዮ ጉዳይ ነው። በቲ480 ላይ ዩቲዩብ ከፍቶ ፋኑ መጮህ የጀመረበት ሰው ላፕቶፑ አርጅቷል ብሎ ይደመድማል። እውነታው ሌላ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ዩኤችዲ 620 የተባለው ግራፊክስ ኤች.264፣ ኤችኢቪሲና ቪፒ9 በተባሉት ዘዴዎች የተጨመቀ ቪዲዮ በራሱ ይፈታል፤ ኤቪ1 የተባለውን ግን አያውቀውም፤ ኢንቴል ይህን ማስገባት የጀመረው በ11ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ነው። ዩቲዩብ ኤቪ1 ሲልክ ሥራው በሙሉ አራቱ ኮሮች ላይ ይወድቃል፣ ሙቀቱም እንደዚያው። መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በፋየርፎክስ የአድራሻ መስመር ላይ የውስጥ ቅንብሮቹን ገጽ ከፍቶ ኤቪ1ን የሚመለከተውን ቅንብር ማጥፋት ነው። ያን ጊዜ ዩቲዩብ ቪፒ9 ይልካል። ፋየርፎክስ ከ115ኛው እትሙ ጀምሮ በኢንቴል ግራፊክስ ላይ ቪዲዮን በሃርድዌር የመፍታት ሥራን በሊኑክስ በነባሪነት ስለሚያበራ ከዚህ ሌላ ብዙ መነካካት አያስፈልግም፤ መሥራት አለመሥራቱ ኢንቴል-ጂፒዩ-ቶፕ በተባለው መሣሪያ ላይ «ቪዲዮ» የሚለው መስመር መንቀሳቀሱን በማየት ይረጋገጣል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይህ አንድ ቅንብር ቪዲዮ በማይበት ጊዜ ሙቀቱን ከ80ዎቹ ወደ 50ዎቹ አውርዶታል፤ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ከመቀየሩ በፊት ማለት ነው።

ወደ ፔስቱ ስመጣ፣ ያገለገለ ቲ480 የገዛ ሰው ማቀዝቀዣው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አልተነካም ብሎ ቢነሳ ብዙ አይሳሳትም። ሻጮች ውጩን በአልኮል ጠርገው ያብለጨልጩታል፣ ውስጡን የሚከፍት ግን እምብዛም ነው። የእኔን ያስከፈትኩት መገናኛ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ነበር። የታችኛው ክዳን ተነሥቶ ፋኑ ሲወጣ ከምላጮቹ ባሻገር፣ የሞቀው አየር በሚያልፍባቸው ቀጫጭን የብረት ክንፎች አፍ ላይ፣ ግራጫ ብናኝ ከክርና ከፀጉር ጋር ተጠቅጥቆ መውጫውን ከግማሽ በላይ ዘግቶት ነበር። ይህ ከውጭ በምንም አይታይም፤ በውጭኛው ቀዳዳ በኩል አየር መንፋትም ብናኙን መልሶ ወደ ፋኑ ከመግፋት በቀር ፋይዳ የለውም። ፔስቱ ደግሞ እንደ ደረቀ ኖራ ተሰነጣጥቆ ማቀዝቀዣው ሲነሣ ተፈረፈረ። ባለሙያው መጀመሪያ ያሰበው በአሮጌው ላይ አዲስ ሊቀባበት ነበር፤ ስጠይቀው ግን ሁለቱንም ገጽ በአልኮል ጠርጎ አጸዳልኝ። ተገልጋዩ ቆሞ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

በራሱ መሥራት ለሚፈልግም ከባድ አይደለም፤ ካቻቪቴና ትዕግሥት ይበቃል። ቲ480 ከኋላ ከሚነቀለው ባትሪ ሌላ በውስጡ ሁለተኛ ባትሪ ስላለው ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት በባዮስ ውስጥ የኃይል ክፍል ገብቶ የውስጡን ባትሪ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማዘርቦርዱ ኃይል እንዳለው ይከፈታል። የክዳኑ ብሎኖች ከክዳኑ ጋር ተያይዘው ስለሚቀሩ አይጠፉም። የማቀዝቀዣውን ብሎኖች አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከመጀመር ይልቅ በየተራ ጥቂት በጥቂት ማላላትና ሲመለሱም እንደዚሁ ማጥበቅ ይገባል። በፋኑ ላይ አየር ሲነፋ ምላጩን በጣት መያዝ አይረሳ፤ ከአቅሙ በላይ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ፔስቱ ሩዝ የምታህል ጠብታ ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ ስትረስ-ኤንጂ በተባለው የመፈተኛ ፕሮግራም አራቱን ኮሮች ሙሉ በሙሉ ሳሠራቸው ቀድሞ ወዲያው 97 ይነካ የነበረው ሙቀት 80ዎቹ መጀመሪያ ላይ ረግቶ ቆሟል፣ ፍጥነቱም አልወረደም። ለአገልግሎቱ ከተጠየቅሁት ሒሳብ አንጻር ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያየሁበት ነገር የለም።

አዲስ አበባ ላይ ለሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ክብደትም በዚያው ልክ ያንሳል። ይህን ጉድለት በአብዛኛው የሚያካክሰው የክፍሉ ቅዝቃዜ ነው። ውጭ አገር የተለካ የሙቀት ውጤት እያነበቡ ከራስ ጋር ማወዳደር ሁልጊዜ የማያስኬደውም በዚህ ምክንያት ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላለ ተጠቃሚ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ከአዲስ አበባ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊበልጥ ስለሚችል ያ ልዩነት እንዳለ በፕሮሰሰሩ ላይ ይደመራል፤ ለእንዲህ ያለው ቱርቦውን ማጥፋት ብልህነት ነው። አየር የሚገባው በታች በኩል መሆኑም አይዘንጋ፤ ጋቢ ወይም ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ቲ480 ምንም ቢጸዳ ይግላል።

ከሶፍትዌር መሣሪያዎቹ መካከል ኢንቴል ያዘጋጀው ተርማልዲ የተባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ በኡቡንቱ ላይ ተጭኖ ይመጣል፣ መንካት አያስፈልግም። ኃይል የሚቆጥበው ቲኤልፒ ጥሩ ነው፣ በተለይ ባትሪው 80 በመቶ ላይ መሞላቱን እንዲያቆም ማድረጉ ሲሞላ የሚፈጠረውን ሙቀት ይቀንሳል፤ ሆኖም ኡቡንቱ ይዞት ከሚመጣው የኃይል ማስተዳደሪያ ጋር አብሮ ስለማይሄድ ሁለቱን አንድ ላይ ማቆየት አይገባም። ቲንክፋን ፋኑን ተጠቃሚው ራሱ እንዲያዝዘው ያደርጋል፤ እኔ አልወደድኩትም። የፋኑ የራሱ አሠራር ንጹሕ በሆነ ማቀዝቀዣ ላይ በቂ ነው፣ በቆሸሸው ላይ ደግሞ ጫጫታ እንጂ ቅዝቃዜ አይገኝም።

የኤንቪዲያ ኤምኤክስ150 ካርድ ያለበትን ቲ480 ሊኑክስ ሊጭን ለሚያስብ ሰው አልመክርም። ማቀዝቀዣው ባለ ሁለት ቱቦ መሆኑ ያጓጓል፤ ነገር ግን በዚያ ትውልድ ካርዶች ላይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ሥራ በሌለበት ጊዜ ካርዱን በራሱ ስለማያጠፋው ሙቀትና ባትሪ ያለ ጥቅም ይባክናል። የያዘ ሰው በኡቡንቱ ቅንብር ኢንቴልን ብቻ መርጦ ኮምፒዩተሩን ዳግም ማስነሣት ይችላል፤ ያ ከሆነ ግን ለካርዱ የተከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ለምን ነበር ያሰኛል።

ከአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ይልቅ ቲ480 የሚሻልበት አንድ ቦታ አለ። ክዳኑ ሲዘጋ በእርግጥ ይተኛል፤ ቦርሳ ውስጥ ነቅቶ ሲግል አይገኝም፤ ምክንያቱም ብዙ አዳዲስ ሞዴሎች የተዉትን ኤስ3 የተባለውን ጥልቅ እንቅልፍ ይደግፋል።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ ሳይጭነው ከፍላሹ አስነሥቶ ኤስ-ቱዊን ይክፈትና አምስት ደቂቃ ያህል ፕሮሰሰሩን ሙሉ ሥራ ይስጠው። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች 95 ነክቶ የሚሳበው ከ12 ዋት በታች የወረደ ከሆነ ማቀዝቀዣው ጽዳት ይፈልጋል፤ ይህ ላፕቶፑን ላለመግዛት ምክንያት አይደለም፣ የዋጋ መከራከሪያ ነው። ፋኑ ሲዞር ከተንኳኳ ወይም የዙሩ ብዛት ዜሮ ላይ ከቀረ የፋን መለወጫውም ይታሰብ። የታችኛው ክዳን አብጦ ከተገኘ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ተገፍቶ ከታየ ግን የውስጡ ባትሪ ስላበጠ ነው፤ በማግስቱ ባትሪ እቀይርልሃለሁ የሚል ሻጭ መጀመሪያ ይቀይር፣ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይሁን።